ልተኛ ወይስ ልነሣ? ከድሬዳዋና ከሐረር ለደረሱን ጥያቄዎች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መልስ

በዚህ ወር ለዓምዱ ከደረሱን ደብዳቤዎች የመረጥናቸው አምስቱ በአምስት የተለያዩ ሰዎች የተጻፉ ቢሆኑም፣ ተከታትለው ሲነበቡ የአንድ ቤተሰብ ጭንቀት ይመስላሉ። ሁሉም በየራሳቸው መንገድ የሚጠይቁት የታመመው አካል ይረፍ ወይስ ይንቀሳቀስ የሚለውን ነው። እኔም በድሬዳዋ በፊዚዮቴራፒ ሙያ ስሠራ ከታካሚም ከአስታማሚም በየቀኑ የምሰማው ይህንኑ ጥያቄ ስለሆነ፣ መልሱ ረዘም ቢልም አንባቢያን እንደሚታገሡኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ከደብዳቤዎቹ ዋና ሐሳባቸውን ብቻ አስቀርተናል፤ የጠያቂዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 41 ነው። የተሳቢ መኪና ሹፌር ስሆን ከድሬዳዋ በደወሌ በኩል ወደ ጅቡቲ እመላለሳለሁ። ከሁለት ወር በፊት ጎማ ሳነሣ ወገቤን ያዘኝ። ሕመሙ በቀኝ መቀመጫዬ በኩል አድርጎ እስከ ባቴ ይወርዳል፤ ሳስል ደግሞ ይብሳል። ኤም አር አይ ተነሥቼ «ዲስክህ ተንሸራቷል» ተባልሁ። ጎረቤቶቼ አንድ ወር ሙሉ ወለል ላይ በጀርባህ ተኛ ብለው መከሩኝና ሦስት ሳምንት ሞከርሁት፤ አሁን ግን ከመኝታ መነሣቱ ራሱ ፈተና ሆኖብኛል። ፊዚዮቴራፒ ሄጄ ዐሥር ቀን በማሽን አሞቁልኝ፤ ስወጣ ይሻለኛል፣ ማታ ይመለስብኛል። ዲስኩ ወደ ቦታው ይመለሳል? ካልተመለሰ መንዳት ቀረብኝ ማለት ነው? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አስቀድሜ እኔ ልጠይቅዎ። ሽንትዎን መቆጣጠር አቅቶዎታል ወይም ሽንት አልወጣ ብሎዎታል? በሁለቱ ጭኖችዎ መካከል፣ በኮርቻ ላይ ስንቀመጥ ኮርቻውን የሚነካው ቦታ፣ ደንዝዞብዎታል? ሲራመዱ የቀኝ እግርዎ ጣቶች አልነሣ እያሉ መሬት ይጎትታሉ? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ መጽሔቱን አስቀምጠው ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ፤ በሰዓታት ውስጥ ውሳኔ የሚያስፈልገው ጉዳይ ሊሆን ይችላልና። ከወገብ ሕመም ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ሲመጣም ምርመራ ይቀድማል። በአገራችን የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ብርቅ አይደለም፤ ያልፈላ የግመል ወይም የፍየል ወተት የሚጠጣ ሰውም ብሩሴሎሲስ በሚባለው በሽታ ተይዞ ወገቡን ሊያመው ይችላል። እነዚህ በሽታዎች መድኃኒት ይሻሉ፤ ማሸትም ሆነ እንቅስቃሴ አያድናቸውም።

ከእነዚህ ነጻ ከሆኑ ወደ ጥያቄዎ እመለሳለሁ። «ተንሸራቷል» የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው ያለ ምክንያት አስፈርቷል። ዲስክ በሁለት አጥንቶች መካከል እንደ ሳሙና ተንሸራቶ የሚወጣ ነገር አይደለም፤ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር በጠንካራ ክሮች የተያያዘ ነው። የሚሆነው ይህ ነው፦ የውጭው ቀለበት ሲሳሳ ወይም ሲሰነጠቅ በመሃል ያለው ለስላሳ ክፍል ወደ ኋላ ይገፋና አጠገቡ ያለውን ነርቭ ይጫነዋል፣ ያስቆጣዋልም። ሲያስሉ የሚብስብዎ በዚያች ቅጽበት በዚያ ቦታ ያለው ግፊት ስለሚጨምር ነው። ሰውነት ግን ይህን የወጣ ክፍል ዝም ብሎ አይመለከተውም፤ ወራት እየወሰደ ቀስ በቀስ ያሟሽሸዋል፣ በብዛት የወጣው ደግሞ ከጥቂቱ ይልቅ የመሟሸሽ ዕድሉ ይበልጣል። ስለዚህ ዲስኩ እንደ ወጣ ዕቃ ተመልሶ ቦታው እንዲገባ መጠበቅ አይገባም፤ ለመዳን የግድ እንደ ድሮው መሆንም የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2015 ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ የወጣ ግምገማ እንዳሳየው፣ አንዳች የወገብ ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 30 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አዛውንት ደግሞ 84 በመቶው በምስል ሲታዩ ወጣ ያለ ዲስክ ነበራቸው። ምስሉ ጠቃሚ የሚሆነው ከእግርዎ ጉልበትና ስሜት ጋር ተገናዝቦ ሲነበብ ነው።

የሦስት ሳምንቱ መኝታ ግን ጎድቶዎታል። ጎረቤቶችዎ በቅንነት እንደ መከሩዎ አውቃለሁ፤ ድሮ ሐኪሞችም ይህንኑ ያዝዙ ነበር። በአዋቂ ሰው ዲስክ ውስጥ ደም ስር የለም ለማለት ይቻላል፤ ምግቡ የሚገባውና ቆሻሻው የሚወጣው በዙሪያው ካሉት ደም ስሮች ቀስ በቀስ እየሰረገ ነው፤ እንደ ስፖንጅ መጫኑና መለቀቁም ይህን ያግዛል። ለረጅም ጊዜ የተኛ ሰው ይህን እገዛ ያቋርጣል፤ ወገቡን የሚደግፉት ጡንቻዎችም በየቀኑ ይከሳሉ። ሕመሙ በጣም በጠናባቸው ቀኖች አንድ ሁለት ቀን ጋደም ማለት ነውር የለበትም፤ ሦስት ሳምንት ግን መነሣትን ራሱን ሕመም ያደርገዋል፤ እርስዎም የጻፉልን ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በሙያችን ደጋግመን የምንተርከው አንድ አጋጣሚ አለ። እ.ኤ.አ. በ1956 ሮቢን መኬንዚ ወደሚባል የኒውዚላንድ ፊዚዮቴራፒስት አንድ ሰው ሕመሙ ወደ እግሩ እየወረደበት ይመጣል። ገብቶ በሆዱ እንዲተኛ ይነገረዋል፤ አልጋው ግን ከእርሱ በፊት ለነበረው ታካሚ ራስጌው ከፍ ተደርጎ ቀርቶ ስለ ነበር፣ ሰውየው ወገቡ ወደ ኋላ እንደ ተለመጠ ደቂቃዎች ይቆያል። መኬንዚ ተመልሶ ሲያየው ይደነግጣል፤ ሰውየው ግን እግሩን ማመሙ እንደ ተወው ይነግረዋል። በስሙ የሚጠራው የሕክምና ዘዴ የተጀመረው ከዚህ ነው። ቤትዎ ሊሞክሩት ይችላሉ። በጠንካራ ፍራሽ ላይ በሆድዎ ተኝተው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆዩ፤ ከዚያ በክርንዎ ተደግፈው ደረትዎን ቀና አድርገው ሌላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆዩ፤ ይህ ከቀለለዎ በመዳፍዎ እየገፉ፣ ዳሌዎ ግን ፍራሹን ሳይለቅ፣ ዐሥር ጊዜ ቀና ዝቅ ይበሉ። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ይድገሙት። ልብ ብለው የሚከታተሉት የሕመሙን ብዛት ሳይሆን ቦታውን ነው። ሕመሙ ከባት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ መቀመጫ እየተሰበሰበ ከመጣ፣ ወገብዎ ላይ ለጊዜው ቢጨምር እንኳ መንገዱ ትክክል ነው። ወደ ተረከዝ እየወረደ ከሄደ ያቁሙ፤ ለእርስዎ የሚስማማው ሌላ አቅጣጫ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይየው። በተጨማሪም በቀን ሦስት ጊዜ ዐሥር ዐሥር ደቂቃ ይራመዱ። በድሬዳዋ ሙቀት ይህን ማዘዝ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ጠዋት ማልደው ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር መሄድ ይቻላል።

ስለ ማሽኑ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሙቀትም ሆነ በኤሌክትሪክ ነርቭን የሚያነቃቃው መሣሪያ ሕመምን ለጥቂት ሰዓት ያስታግሣሉ፤ ይህም በራሱ ጥቅም አለው። ጥቅሙ ግን ሕመሙ ጋብ ባለበት በዚያ ጊዜ ታካሚው እንዲንቀሳቀስ ማስቻሉ ነው። ዐሥር ቀን ሙሉ በማሽን ብቻ ታክሞ አንድም እንቅስቃሴ ሳይማር የተሸኘ ሰው፣ በእኔ እምነት፣ ከሕክምናው ዋናውን ክፍል አላገኘም። የሚቀጥለው ቀጠሮዎ ላይ «ቤት ሄጄ ምን ልሥራ? ስንት ጊዜ? መቼ ልጨምር?» ብለው ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው።

መንዳትን በተመለከተ አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ወደ ሥራው ይመለሳል። ሲመለሱ ግን ከወገብዎ ጎድጓዳ ጋር እንዲገጥም ፎጣ ጠቅልለው ከኋላዎ ያድርጉ፤ የገንዘብ ቦርሳዎን ከኋላ ኪስዎ ያውጡ፤ በየሰዓቱ ወይም በየሰዓት ተኩሉ ወርደው አምስት ደቂቃ ይራመዱ። ከጋቢና እንደ ወረዱ ወዲያው ጎማ ወይም ጭነት አያንሡ፤ ብዙ ሰዓት ተቀምጦ በመኪና ንዝረት የተናጠ ወገብ ለመሸከም ዝግጁ አይደለም። ትንሽ ተራምደው፣ ወገብዎን ወደ ኋላ ለመጥ አድርገው፣ ከተቻለም ከረዳትዎ ጋር ሆነው ያንሡ።

ጥያቄ፦ አባታችን 67 ዓመታቸው ነው። ከአራት ወር በፊት ስትሮክ መታቸውና የግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። እግራቸው ትንሽ መለስ ብሎ ተደግፈው ይቆማሉ፤ እጃቸው ግን ታጥፎ ደረታቸው ላይ ቀርቷል፣ ትከሻቸውን ስንነካቸው ይጮኻሉ። እኛ ልጆቻቸው በተራ ጠዋትና ማታ እጃቸውን ወደ ላይ እየሳብን እናሠራቸዋለን። ኳስ ይጭመቁም ተብለን ገዝተንላቸዋል። ቀኑን የሚውሉት ወለል ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ነው፤ አንድም ነገር አናስነካቸውም፣ እኛው እናጎርሳቸዋለን። በአራት ወር ያልተመለሰ አካል አይመለስም የሚሉን ሰዎች አሉ። (ከመጋላ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ እህታችን፣ ደብዳቤዎን ሳነብ በመጀመሪያ ያየሁት የልጆቹን ፍቅር ነው፤ ቀጥሎ የምናገረውም ያንን ፍቅር ለመንቀፍ እንዳልሆነ ይረዱልኝ። ከዛሬ ጀምሮ እጃቸውን ወደ ላይ መሳብ ያቁሙ።

ትከሻ ከሌሎች መገጣጠሚያዎች የተለየ ነው። ትልቁ ክብ አጥንት የሚያርፍበት ጎድጓዳ በጣም ትንሽና ጠፍጣፋ ነው፤ ብርቱካን በቡና ስኒ ማስቀመጫ ላይ እንደ ማስቀመጥ ያለ ነው። ብርቱካኑ የማይወድቀው ዙሪያውን ያሉት ጡንቻዎች ስለሚይዙት ነው። ስትሮክ ጡንቻዎቹን ሲያዝል የእጁ ክብደት ብቻ መገጣጠሚያውን ወደ ታች ይጎትተዋል። ሌላም ነገር አለ፤ ጤነኛ ሰው እጁን ሲያነሣ ከጀርባ ያለው ሰፊ አጥንት፣ ማለትም ብራኳው፣ አብሮ ይዞራል። የእጁን አንጓ ይዛችሁ ወደ ላይ ስትስቡ ብራኳው ባለበት ይቀራል፤ በመካከል ያለው ጅማት በሁለት አጥንት መካከል ይጨመቃል። አባታችሁ የሚጮኹት ስንፍና ይዟቸው ወይም ትዕግሥት አጥተው አይደለም።

በምትኩ ይህን አድርጉ። ሲቀመጡ የግራ ክንዳቸው ከነክርኑ በትራስ ወይም በጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ ተንጠልጥሎ አይቅር። ስታስነሷቸው በብብታቸው ወይም በእጃቸው አትሳቧቸው፤ ወገባቸውን ደግፉ። በግራ ጎናቸው ሲተኙ ትከሻቸው ከሥራቸው እንዳይጨፈለቅ ወደ ፊት አውጡት፤ በቀኝ ሲተኙ የግራ ክንዳቸውን በትራስ ላይ ዘርጉት። ራሳቸው መዞር ካልቻሉም ገላቸው እንዳይቆስል ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ አዙሯቸው። እጁን ለማንቀሳቀስ ደግሞ ከጠረጴዛ ፊት አስቀምጧቸውና ሁለት እጃቸውን አቆላልፈው ከመዳፋቸው ሥር ጨርቅ አድርገው እንደ ጠራጊ ወደ ፊት ይግፉ፣ ይመልሱ። ራሳቸው የሚያንቀሳቅሱት ስለሆነ ሕመሙ ሲጀምር ራሳቸው ያቆማሉ። ከትከሻ ከፍታ በላይ ማንሣት ባለሙያ ብራኳውን እየመራ እስኪያሳያችሁ ይቆይ። ኳሱንም ለጊዜው አስቀምጡት፤ ተጨብጦ አልፈታ ላለ እጅ የሚያስፈልገው መጨበጥን ሳይሆን መክፈትን መለማመድ ነው። ጣቶቹን ከአውራ ጣት ጀምራችሁ በዝግታ ዘርጉ፤ መዳፉን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አሳርፉት።

ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። በአራት ወር ያልተመለሰ አይመለስም ማለት ስሕተት ነው። ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መሆኑ እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ይዘገያል እንጂ አይዘጋም። በስትሮክ የሞተው የአንጎል ክፍል አይነሣም፤ በዙሪያው ያሉት ሕዋሳት ግን ሥራውን ሊማሩ ይችላሉ፤ የሚማሩትም በመደጋገም ነው። ኤድዋርድ ታውብ የሚባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ጤነኛውን እጅ በጓንት ሸፍነው የደከመው እጅ ብቻ ለሳምንታት በየቀኑ ሰዓታት እንዲሠራ በማድረግ፣ ስትሮክ ከመታቸው ብዙ ወራት ባለፋቸው ሰዎች ላይ ለውጥ እንደሚመጣ አሳይተዋል። ይህ ዘዴ አንጓቸውንና ጣታቸውን በጥቂቱም ቢሆን መዘርጋት ለሚችሉ ነው፤ ለአባታችሁ ዛሬ አይሆንም። ሊጀምሩት የሚችሉት የመስተዋቱን ልምምድ ነው። ራማቻንድራን የተባሉ የነርቭ ሳይንስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እጃቸው ተቆርጦ በሌለው እጃቸው ላይ ሕመም ለሚሰማቸው ሰዎች የጀመሩት ሲሆን፣ በኋላ ለስትሮክ ታካሚዎችም ተሞክሮ ጠቅሟል። መስተዋት በደረታቸው ፊት መሃል ለመሃል ይቁም፤ ግራ እጃቸው ከመስተዋቱ ጀርባ ይደበቅ፤ መስተዋቱን እያዩ ቀኝ እጃቸውን ይክፈቱ፣ ይዝጉ፣ አንጓውን ጎንበስ ቀና ያድርጉ። ዓይናቸው ግራ እጃቸው ሲንቀሳቀስ ያያል፤ እርሳቸውም ግራውን አብሮ ለማንቀሳቀስ ይጣሩ። በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ወጪውም የመስተዋት ዋጋ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ፍራሹና ስለ ማጉረሱ እናውራ። በድሬ ቤት ወለል ላይ ተቀምጦ መዋል የተለመደና ደስ የሚል ነገር ቢሆንም፣ ከወለል መነሣት ለጤነኛውም ጡንቻ ከባድ ነው፤ አባታችሁም ስለማይችሉት ሳይሞክሩት ይውላሉ። ጠንካራና ከፍ ያለ ወንበር ይግዙላቸው፤ መነሣትና መቀመጥም ዋናው ልምምዳቸው ይሁን። እግራቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው፣ አፍንጫቸው ከጣቶቻቸው በላይ እስኪሆን ወደ ፊት አዘንብለው ይነሡ፤ ክብደታቸውን በቀኝ እግራቸው ላይ ብቻ እንዳይጥሉ ከግራ ጎናቸው ቁሙ። በአምስት ጀምራችሁ በቀን ብዙ ጊዜ ደጋግሙት። ማዞር፣ የደረት ሕመም ወይም ከባድ ራስ ምታት ካለ አቁሙና ግፊታቸው ይለካ፤ የደም ግፊት መድኃኒታቸውም በምንም ምክንያት አይቋረጥ፤ ሁለተኛ ስትሮክ የተገኘውን ሁሉ ይወስዳል። ውሃቸውን በግራ በኩል አስቀምጡላቸው፤ ዳቦውን በግራ እጃቸው አስደግፋችሁ በቀኛቸው ይቁረሱ። አንድ ጉርሻ ዐሥር ደቂቃ ቢወስድባቸውም ጠብቁ። እየሳላቸው ወይም ትን እያላቸው ከሆነ ግን የመዋጥ ችግር ስለሚሆን በመጀመሪያ ሐኪም ይመልከታቸው።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ከዘይቱን ዛፍ ላይ ወድቆ የግራ ክርኑ ተሰበረ። ሰፈራችን ያለው ወጌሻ በቀርከሃ አሰረለት፤ በማግስቱ ጣቶቹ ሲያብጡ ሆስፒታል ወሰድነውና ጄሶ ተደረገለት። ጄሶው ከወጣ ስድስት ሳምንት ሆኖታል፤ ክርኑ ግን ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፣ ትከሻውንም በጣቱ መንካት አይችልም። ወጌሻው በቅቤ እያሸ በጉልበት እንደሚዘረጋለት ይነግረኛል። ልውሰደው? (ከሐረር፣ ጁገል)

መልስ፦ አይውሰዱት። ይህን የምለው ወጌሻን ንቄ አይደለም። ወለም ያለውን እግር በመዳሰስ ብቻ የሚለዩ፣ የሚያዩት ከአቅማቸው በላይ ሲሆን «ይህ የእኔ አይደለም» ብለው ወደ ሐኪም ቤት የሚልኩ አዋቂዎችን አውቃለሁ። ክርን ግን ከሁሉም መገጣጠሚያ ይልቅ ቂመኛ ነው። በተጎዳ ክርን ዙሪያ ጡንቻን አጥብቆ ማሸትና በጉልበት መዘርጋት በጡንቻው ውስጥ አጥንት እንዲያድግ ሊያደርግ ይችላል፤ አጥንቱ ከበቀለ በኋላ የታሠረውን ክርን መፍታት ከዛሬው ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ፊዚዮቴራፒስትም ቢሆን የልጅን ክርን በኃይል አይዘረጋም፤ የሚዘረጋ ካጋጠመዎም ልጅዎን ይዘው ይውጡ።

የልጅ ክርን በአብዛኛው የሚፈታው በራሱ በልጁ እጅ ነው፤ ወራትንም ይወስዳል። ስለዚህ ሥራ ይስጡት። በግራ እጁ ውሃ በጣሳ ይቅዳ፣ ሊጥ ያቡካ፣ ልብስ ገመድ ላይ ያስጣ፣ ፀጉሩን ያበጥር፣ ኳስ ይወርውር። ለብ ባለ ውሃ ክንዱን ነክሮ ራሱ ማጠፍና መዘርጋቱም ይረዳል። ከባድ ባልዲ አሸክሞ ክንዱ እንዲዘረጋ መጠበቅ ግን ከማሸቱ የተለየ አይደለም። በወር አንድ ቀን በአውራ ጣቱ ጫፍና በትከሻው መካከል ያለውን ርቀት በክር ይለኩና ክሩን ያስቀምጡ፤ ክሩ እያጠረ ከሄደ ሥራው እየተሠራ ነው። ለሁለት ወር ያህል ምንም ካልተለወጠ፣ ወይም ክንዱ ተዘርግቶ ሲታይ ወደ ውስጥ ጎበጥ ካለ፣ ራጅ እንዲነሣ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ይመለሱ። ጉብጠቱ አጥንቱ ተጣሞ ስለ ገጠመ የሚመጣ ስለሆነ በእንቅስቃሴ አይቃናም።

አንድ ነገር ዛሬውኑ ይፈትሹልኝ። አውራ ጣቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ያቁም፤ በአውራ ጣቱና በጠቋሚው ጫፍ ክብ ቀለበት ይሥራ፤ ጠቋሚና መሃል ጣቱን ያጠላልፍ። ሦስቱም የተለያዩ ነርቮችን ይፈትናሉ። አንዱን ካልቻለ ከክርኑ መድረቅ ይልቅ የሚያሳስበው የነርቩ ነገር ነው።

በማግስቱ ጣቶቹ ሲያብጡ ሆስፒታል መውሰድዎ ምናልባት እጁን አትርፎለታል። ሪቻርድ ፎን ፎልክማን የሚባሉ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1881 በጽሑፍ እንደ ገለጹት፣ ከመጠን በላይ የጠበቀ እስራት የደም ዝውውሩን ሲያንቅ የክንድ ጡንቻ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ እጁም እንደ ወፍ ጥፍር ተኮማትሮ ይቀራል። ለሌሎች ወላጆችም እንዲደርስ እጽፈዋለሁ፦ የታሠረ ልጅ ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ጣቱን በቀስታ ሲዘረጉለት ከጮኸ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከገረጡ ወይም ከቀዘቀዙ፣ እስራቱ የማንም ቢሆን፣ የሆስፒታል ጄሶም ቢሆን፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገይ ይፈታ፤ ልጁም ወዲያው ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ በመኪና ግርግር ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬ 54 ሲሆን የስኳር ሕመም ካለብኝ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ቀኝ ትከሻዬ ሳልወድቅ ሳልመታ ከአምስት ወር በፊት ማመም ጀመረ። አሁን ሸሚዝ መልበስ፣ ከላይ የተሰቀለ ጨርቅ ማውረድ አልችልም፤ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። የስፌት ሥራው ያመጣብኝ ነው? (ከሐረር)

መልስ፦ ከገለጻዎ «የታሠረ ትከሻ» የምንለው ይመስላል። የመገጣጠሚያው ከረጢት ተቆጥቶ ይወፍርና ይጠብባል፤ ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ይበዛል፣ በስኳር ሕመምተኞች ላይ ደግሞ ይበልጡን ይበዛል። ስፌቱን አይውቀሱት። ክርንዎን ከጎንዎ አጣብቀው ክንድዎን ወደ ውጭ ለማዞር ይሞክሩ፤ ሌላ ሰው ሲያዞረውም እኩል ተይዞ ከቀረ ምልክቱ እርሱ ነው። ሌላው ሰው ሲያነሣው በቀላሉ የሚነሣ፣ በራስዎ ግን አልነሣ የሚል ከሆነ የጅማት መቀደድ ሊሆን ስለሚችል ምርመራው ይለያል።

ይህ ሕመም የሚያም፣ ከዚያ የሚደርቅ፣ ከዚያ የሚፈታ ሦስት ምዕራፍ አለው፤ በጠቅላላው ከአንድ ዓመት እስከ ሦስት ዓመት ሊወስድ ይችላል። ረጅም መሆኑን ከመጀመሪያው እነግርዎታለሁ፤ ካልነገርሁዎ በየወሩ ሕክምና እየቀያየሩ ገንዘብዎን ይጨርሳሉ። እርስዎ አሁን ያሉት ገና በሚያመው ምዕራፍ ስለሆነ በኃይል መሳብ ያባብሰዋል። በግራ እጅዎ የስፌት መኪናውን ጠረጴዛ ይደገፉና ጎንበስ ብለው ቀኝ ክንድዎን አንጠልጥለው እንደ ሰዓት ፔንዱለም በቀስታ ያወዛውዙ። የእንጨት ሜትርዎን በሁለት እጅዎ ይያዙ፤ ክርንዎ ከጎንዎ ሳይለይ በግራ እጅዎ እየገፉ ቀኙን ወደ ውጭ ያዙሩ። ከግድግዳ ፊት ቆመው በጣቶችዎ ወደ ላይ ይውጡና የደረሱበትን በጠመኔዎ ያስምሩ። እያንዳንዱን ዐሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ልምምዱ ያስነሣው ሕመም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጋብ ካለ ልኩ ትክክል ነው፤ ሌሊቱን ካስነሣዎ በማግስቱ ይቀንሱ። ሐኪም በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ በዚህ ምዕራፍ ሕመሙን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ለጥቂት ቀናት ግን የደም ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ ስኳርዎን እየተለኩ መሆን አለበት። ሌሊት በጀርባዎ ተኝተው ከክርንዎ ሥር ትራስ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ እኔ የ70 ዓመት አሮጊት ነኝ። ጉልበቶቼን ከቆየ ጀምሮ ያመኛል። አንዱ በረዶ ያዙበት፣ ሌላው ሙቅ ውሃ ይለኛል። ከቤቴ እስከ ፈረስ መጋላ ያለው ቁልቁለት አስቸግሮኛል። (ከሐረር)

መልስ፦ እማማ፣ ሁለቱም ተሳስተዋል ለማለት አልችልም። ጉልበትዎ አብጦ ከጋለ ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ጠቅልለው ሩብ ሰዓት ያህል ይያዙበት፤ ሳያብጥ ጠዋት ጠዋት የሚደርቅ ከሆነ ሙቅ ውሃ ይሻልዎታል። እግርዎ የሚደነዝዝዎ ከሆነ ግን ሳያውቁት እንዳይቃጠሉ የውሃውን ሙቀት ሌላ ሰው ይለካልዎ። ሁለቱም የሚያስታግሡት ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ጉልበትን የሚያሳርፈው የጭን ጡንቻ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግርዎን ቀጥ አድርገው ይዘርጉና አምስት እስኪቆጥሩ ያቆዩት፤ በእያንዳንዱ እግር ዐሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ከበርጩማ ይልቅ ከፍ ያለ ወንበር ይጠቀሙ። ክብደት ካለዎ አንድ ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያነሣል። ከዘራ ከያዙ ይበልጥ ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒው እጅዎ ይያዙት፤ ቁመቱም ክንድዎ ሲንጠለጠል ከእጅዎ አንጓ ጋር እኩል ይሁን። ደረጃም ሆነ ዳገት ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፤ ወደ ፈረስ መጋላ ሲወርዱ ደግሞ ከዘራውና የሚያመው እግር ይቅደሙ፣ ደህናው ይከተል።